መቅደላ ላይ ለልጆቻችን ምን እናሳያቸው?

(የሠፈራችን ማኅበር ኮሚቴ ለነዋሪው ስብሰባ ያሰማው ንግግር)



እንደምታውቁት በሚያዝያ ወር ቅዳሜና እሑድን መቅደላ አምባ ላይ እናሳልፋለን። የምንሄደው አምባውን አይተን ለመመለስ ብቻ አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ልብስ ለብሰን፣ ስንቁንም በዚያው ወግ አሰናድተን፣ ልጆቻችን የዚያን ጊዜ ኑሮ በዓይናቸው እንዲያዩ ነው። ታዲያ ምን እናሳያቸው? በዚህ ላይ ያለንን ሐሳብ እነሆ።

ሁላችንም የምናውቀው የመጨረሻዋን ሰዓት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር በኮኬት በር ጥሶ ሲገባ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ይህ መታየት አለበት። ነገር ግን አምባው የአንድ ሰዓት ታሪክ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ከሴባስቶፖል እንጀምር። መድፉ ዛሬም እዚያው አለ፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ስድስት ወር ያህል ተጎትቶ ነው መቅደላ የደረሰው። የተዘጋጀ መንገድ አልነበረም፤ ሠራዊቱ ዳገቱን እየቆረሰ፣ ድንጋዩን እየፈነቀለ መንገድ አወጣ። ንጉሡ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር። ስለዚህ ወጣቶቻችን ግንድ በጠፍር አሥረው ዳገት ይጎትቱ። ትንሽ ላብ ያፍስሱና የዚያን ሰው ድካም ይወቁት። እናቶችም ወፍጮውንና እንስራውን ይዘው ይውጡ፤ ፈጭተው፣ ውሃ ቀድተው ያንን ሠራዊት ያኖሩት ሴቶች ናቸውና።

እሑድ የእሮጌን ውጊያ እናስታውሳለን። ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያ ወደቁ። ከኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ጀግንነት አንሶ አይደለም፤ እነሱ ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር።

አሁን ከባዱ ነገር። በዋዜማው፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገድለው ወደ ገደል ተጥለዋል። አንዳንድ አባቶች «ይህን ለልጅ መንገር ምን ይበጃል? የንጉሡን ስም ማጉደፍ ነው» ብለውናል። አክብረን ሰምተናቸዋል። እኛ ግን መቅረት የለበትም እንላለን። የሞቱትም የሰው ልጆች ናቸው፤ ቤተሰብ ነበራቸው። ግማሹን ደብቀን የነገርነውን ታሪክ፣ ልጁ አድጎ ሌላውን ግማሽ ከሌላ ሰው ሲሰማ፣ የነገርነውን እውነት እንኳ አያምነንም። የንጉሡ ጀግንነት እውነቱን ይችላል። ይህ ግን ለተውኔት አይሆንም። ማንም እስረኛ ሆኖ አይጫወትም፤ ገደሉን ከሩቅ እያየን ለጥቂት ጊዜ በዝምታ እንቆማለን።

ከዚያም ስለተዘረፈው ቅርስ እንነግራቸዋለን። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ከብራና መጻሕፍቱ ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው። ተቆርጦ የተወሰደው የንጉሡ ጸጉር እንኳ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው።

በመጨረሻም፦ ከአምባው አንዲት ድንጋይ እንዳይነሣ፣ ልጆችም መድፉ ላይ እንዳይወጡ አደራ። ብርድ ስላለ ጋቢ ይያዝ። በሶና ዳቦ ቆሎ የምታዘጋጁ፣ የአያት በርኖስ ወይም ጋሻ ቤታችሁ ያለ፣ ለኮሚቴው አስመዝግቡ።