የኳስ ሜዳ የሚገኝበት ስፍራ ለቡድን ድል ይረዳልን?
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የጨዋታ ይመስላል እንጂ የመሬት ጉዳይ ነው። ለተማሪዎች የኳስ ሜዳ ይሰጥ በተባለ ጊዜ መምህሩ፦ ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይኹን ይላል። ሽማግሌውም፦ ያ መስክ የከብቶቻችን ግጦሽ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ሰፊ ሜዳ አለና ልጆቹ እዚያ ሄደው ይጫወቱ ይላል። በኹለቱም ቃል ውስጥ እውነት አለ። ስለዚህ የሜዳው ስፍራ ለማሸነፍና ለመሸነፍ ምክንያት ይኾን እንደ ኾነ አስቀድሞ መርምሮ፥ ገመዱን ከዚያ በኋላ መዘርጋት ይሻላል።

ከአገራችን ልጀምር። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ በ1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚች አጭር ጉዞ 650 ሜትር ወርዷልና ጋቢውን ያወልቃል። በደሴ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በኮምቦልቻ ግን የሚያንሰው በአምስተኛ እጅ ያህል ነው። አየሩ በሳሳ መጠን ሣንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በደጋ የኖረ ሰው ደሙ ቀስ በቀስ ይኸንን ይለምደዋል፤ ከቆላ በዕለቱ የወጣ ተጫዋች ግን ጨዋታው ሳይጋመስ ያለከልካል።

ነገሩ በቁጥርም ተመርምሯል። በደቡብ አሜሪካ አገሮች መካከል በመቶ ዓመት ውስጥ የተደረጉ 1,460 ግጥሚያዎች ተቈጥረው፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 በእንግሊዝ አገር የሕክምና መጽሔት ታትመዋል። ኹለቱ ቡድኖች ከእኩል ከፍታ የመጡ እንደ ኾነ ባለሜዳው የሚያሸንፍበት ዕድል ከመቶ 54 ያህል ኾኖ ተገኘ። ቦሊቪያ ብራዚልን በላፓዝ እንደምትቀበል ባለሜዳው ከእንግዳው በ3,695 ሜትር ከፍ ያለ እንደ ኾነ ግን ዕድሉ ከመቶ ወደ 83 ያህል ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩም የግማሽ ጎል ያህል ብልጫ አለ። መጋቢት 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ቦሊቪያ በላፓዝ አርጀንቲናን 6 ለ 1 ማሸነፏን ከእናንተ መካከል የሚያስታውስ አይጠፋም።

ይኸንን ልክ ለደሴና ለኮምቦልቻ ብናውለው፥ 650 ሜትር የሚሰጠው ብልጫ የጎል ሢሶ ያህል፥ ማለት በሦስት ግጥሚያ አንድ ጎል ነው። ይኽ የእኔ ስሌት ነውና በጥንቃቄ ያዙት። ደግሞም 1,850 ሜትር ለሌላው ዓለም ራሱ ተራራ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ የአየሩን መሳሳት ፈጽሞ የማያውቅ አይደለም። የደሴው ቡድን በተራው ሲወርድም ሙቀቱ ይበረታበታል። ዳገቱና ቁልቁለቱ እንዲህ እየተካካሰ ይሄዳል።

ከፍታ ብቻውን ድል የሚሰጥ ቢኾን ኖሮ የአዲስ አበባው ስታዲየም ዋንጫ ደጋግሞ ባስገኘልን ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚያ ሜዳ ከተጨማሪ ሰዓት በኋላ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደ ገና በአገራችን ሲደረግ ሦስቱንም የምድብ ግጥሚያዎች አሸንፋ፥ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረትታ ከፍጻሜው ቀረች። በ1968 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ስታዘጋጅም ከምድቧ እንኳ አላለፈችም። ሜዳው ያው፥ ከፍታውም ያው ነበር፤ የተለወጡት ተጫዋቾቹና ተጋጣሚዎቹ ናቸው። ይባስ ብሎም ስታዲየሞቻችን የአፍሪካን ማኅበር መመዘኛ ሳያሟሉ ቀርተው ቡድናችን ባለሜዳ የኾነበትን ግጥሚያ በሰው አገር ለማድረግ በተገደደ ጊዜ፥ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊ፥ በሊሎንግዌ ከተማ፥ ያንኑ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ማጣሪያውን ግን አላለፈም፤ ቤት የሌለው ሰው አንድ ቀን ቢቀናው ኹልጊዜ አይቀናውምና።

ውብ ሜዳ መሥራትም ቡድን መሥራት አይደለም። በዚሁ በወሎ ምድር፥ በወልድያ፥ በጥር 2009 ዓ.ም. በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ታላቅ ስታዲየም ተመረቀ። የከተማይቱ ቡድን ግን በ2010 ዓ.ም. ውድድር ፍጻሜ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየሙ ምን ያድርግ?

ስለ ከፍታ ይኽን ያህል ከተናገርን፥ ሽማግሌውንና መምህሩን ወደሚያከራክረው ወደ ርቀት እንለፍ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢው በደሴ፥ የቴክኖሎጂው ግቢ በኮምቦልቻ ነው። ከኹለቱ ግቢ ተማሪዎች አንድ ቡድን ቢመረጥ፥ ሜዳው የትም ቢኾን ግማሾቹ ለልምምድ ሐረጎን መውጣት ወይም መውረድ አለባቸው። በአሜሪካ አገር የኮሌጅ ፉትቦል የሚሉት፥ ሞላላ ኳስ በእጅ እየተያዘ የሚደረግ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ይኸው ጥያቄ እዚያም ይነሣል። በሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ግጥሚያውን ከግቢው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሮዝ ቦውል ስታዲየም አዛወረ። ቡድኑ አልተጎዳም፤ በዚያው ስታዲየም በአዲስ ዓመታቸው የሚደረገውን ታላቅ ግጥሚያ በ1983፥ በ1984ና በ1986 አሸነፈ። የማያሚ ዩኒቨርሲቲም ከግቢው ውጭ ባለ የከተማ ስታዲየም እየተጫወተ ከ1983 እስከ 2001 ድረስ አምስት ጊዜ የአገሩ አሸናፊ ተብሏል።

ይኽን የሰማ ሽማግሌ፦ እንግዲያስ ሜዳችን ከወንዙ ማዶ ይኹን ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን አስተውሉ፤ እነዚያ ኮሌጆች ያራቁት የግጥሚያውን ሜዳ ነው። በየቀኑ የሚለማመዱበት ሜዳ ከግቢያቸው አልራቀም፤ ለጉዞውም አውቶቡስ አላቸው። የእኛ የመንደር ትምህርት ቤት ግን ኹለት ሜዳ የለውም፤ የሚለማመድበትም የሚጋጠምበትም አንድ ነው። ሜዳው የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢርቅና ልጆቹ በሳምንት ሦስት ቀን ቢለማመዱ፥ ለመንገድ ብቻ ሦስት ሰዓት ይጠፋል። ከትምህርት በኋላ ከብት የሚያግድና ውሃ የሚቀዳ ልጅ ይኸንን ሦስት ሰዓት ከየት ያመጣል? በተለይ ሴቶች ልጆች ከወንዝ ማዶ አምሽተው እንዲመለሱ እናቶቻቸው አይፈቅዱም፤ ባይፈቅዱም አይፈረድባቸውም። እንዲህ ሲኾን ቡድኑ የሚመረጠው ችሎታ ካለው ኹሉ መኾኑ ይቀርና ጊዜ ካለው ብቻ ይኾናል።

ተመልካችም ሌላ ምክንያት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ኮሮና በገባ ጊዜ በጀርመን አገር ጨዋታው ያለ ተመልካች ሲደረግ፥ ባለሜዳው የሚያሸንፍበት ጊዜ ጎልቶ ቀነሰ። ዳኞችም ሕዝቡ በሌለበት ለእንግዳው ቡድን እንደ ቀድሞው ቢጫ ካርድ አላበዙበትም። ሜዳው ከመንደር አጠገብ ከኾነ ሽማግሌው በጥላ ሥር ተቀምጦ ያያል፤ ልጁም አባቱ እንዳየው ያውቃል። ፉጨቱን የሚይዘው መምህር ግን ከዚህ ይጠንቀቅ፤ የገዛ መንደሩ ጩኸት እጁን ሳያውቀው ያነሣዋልና፥ ከተቻለ ዳኛው ከሌላ ትምህርት ቤት ይምጣ።

ስለ ግጦሹም ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ንቆ ማለፍ አይገባም፤ ልጆቹን የሚመግበው ያው ከብት ነው። ትምህርት ቤቱ በሐምሌና በነሐሴ ሲዘጋ ሜዳው ተከልሎ ሣሩ ይደግ፤ ትምህርት ሳይጀመር ይታጨድና መስኩን ለለቀቁት ሰዎች ይከፋፈል። የአዋቂ ሜዳ ከ90 እስከ 120 ሜትር ርዝመት፥ ከ45 እስከ 90 ሜትር ወርድ አለው፤ ለትናንሽ ልጆች የዚህ እኩሌታ ይበቃልና መሬቱ ጠባብ በኾነበት ቦታ አብዝቶ መጠየቅ አያስፈልግም። ሲለካም ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይኹን፤ በምሥራቅና በምዕራብ ጎል የቆመበት ሜዳ ላይ ወደ ማታ ፀሐይ የአንደኛውን በረኛ ዐይን ትወጋለች።