ከአቃቂ ዋልካ እስከ ኤርታሌ፦ የአሳሽ ሮቦቶች የሞተር ቁጥጥር



የተሰጠኝ ርእስ እሳተ ገሞራን በመሳሰሉ አደገኛ ሥፍራዎች የሚሰማሩ ሮቦቶችን የሞተር ቁጥጥር ማሻሻል ነው። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ከደጃችን፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ዋልካ ልነሣ።

የአቃቂ ጥቁር አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጥና ይጣበቃል። ተማሪዎቼ ባለስድስት ጎማ ሮቦት ይዘው እዚህ ወርደው ነበር። የጎማው ጥርስ በጭቃ ተደፍኖ ለስልሷል። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ፍጥነት ልክ እንደታዘዘው ነው፤ ሮቦቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ኤንኮደር የሚቆጥረው የሞተሩን ዙር እንጂ የተኬደውን መንገድ አይደለምና።

ጎማው ጨርሶ ሲያዝ ደግሞ ይብሳል። የተለመደው መቆጣጠሪያ በታዘዘውና በተገኘው ፍጥነት መካከል ያለውን ልዩነት እያጠራቀመ ኃይል ይጨምራል። ሞተር ሲዞር የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ አለ፤ ሲቆም ያ ይጠፋና ከረንቱን የሚገታው የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ይሆናል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ቀጥሎ የሚቃጠለው የሽቦው ቫርኒሽ ሽታ ይመጣል። ሞተር የምትጠቀልሉ ባለሙያዎች እዚህ አላችሁ፤ ያ ሽታ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ከረንቱ ይለካ፣ ጣሪያ ይበጅለት፤ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ማጠራቀሙ ይቁም። ሮቦቱ በእርግጥ መሄዱን ካሜራው ያረጋግጥ። ዋልካ የያዘው የሲኖትራክ ሹፌር ነዳጅ እየረገጠ ራሱን አይቀብርም፤ መቆጣጠሪያችንም ይህን መልመድ አለበት።

ማርስ ላይም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟል። የናሳዋ ተሽከርካሪ ሮቦት ስፒሪት እ.ኤ.አ. በ2006 የፊት ቀኝ ጎማዋ ሞተር ቆመ። መሐንዲሶቹ የሞተውን ጎማ እያስጎተቱ ወደ ኋላ ነዷት፤ በ2007 ያ ጎማ የቦረቦረው አፈር ነጭ ሆኖ ተገኘ፣ ሲሊካ! በጥንት ዘመን እዚያ ሙቅ ውኃ ወይም እንፋሎት ለመኖሩ ዋና ምስክር ሆነ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር የማልፍበት ዓመት የለም። በ2009 ግን ለስላሳ አሸዋ ዋጣት፤ አልወጣችም። ሌላዋ የማርስ ሮቦት ኩሪዮሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 በተላከላት አዲስ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት እንደ መሬቱ አቀማመጥ ታስተካክላለች። በሙከራ የፊት ጎማዎቹ ጫና 20 በመቶ ያህል ቀንሷል። አዲስ ሞተር አልተገጠመላትም፤ የተለወጠው ትእዛዙ ነው።

ሰዓቱ ሄደብኝ፤ እሳተ ገሞራውን በአጭሩ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። እንዲህ ያለ አፍ ጠርዝ ላይ ሰው መላክ አይገባም። ስምንት እግር ያለው ሮቦት ዳንቴ ሁለት እ.ኤ.አ. በ1994 አላስካ ውስጥ ስፐር ተራራ አፍ በኬብል ወርዶ ጋዝ ለክቷል፤ ሲመለስ ግን ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ለኤርታሌ እሳተ ገሞራ በኬብል የሚወርድ ባለጎማ ሮቦት ስናስብ፣ የኬብሉ ጥቅልል ሞተርና የጎማዎቹ ሞተሮች በአንድ መቆጣጠሪያ መታዘዝ አለባቸው፤ ኬብሉ ሲወጠር በየጎማው ላይ የሚያርፈው ክብደት ወዲያው ይለወጣልና። ይህን ሥራ በመጪው ዓመት ከተመራቂዎቻችን ጋር እንጀምራለን፤ የመጀመሪያው ሙከራም እዚሁ አቃቂ፣ የወንዙ ዳር ቁልቁለት ላይ ይሆናል።