ውል ከተፈረመ በኋላ
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



«ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ከግለ ሰዎች አልፎ ለመንግሥታትም ይሠራል። ጎረቤታሞች መንግሥታት ቀረጥን ለማንሣትና ገበያቸውን አንድ ለማድረግ ሲዋዋሉ የፊርማው ቀን በሰንደቅ ዓላማና በጭብጨባ ያልፋል፤ ውሉ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ግን ከዚያ በኋላ በሚመጡት ተራ ቀኖች፥ በጉምሩክ መስኮትና በጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ጎረቤቶቻችንን እንመልከት። ኬንያ፥ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በ1967 ካምፓላ ላይ ተዋውለው የምሥራቅ አፍሪካን ማኅበር መሠረቱ። የባቡሩ መንገድ፥ ወደቡ፥ ፖስታውና አየር መንገዱ የጋራቸው ነበር። ሆኖም ከጥቅሙ የሚበልጠው ድርሻ ለኬንያ ይደርሳል የሚል ቅሬታ እያደር በረታ። በ1971 ኢዲ አሚን በኡጋንዳ ሥልጣን ከያዙ በኋላም የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጉባኤ አልቀመጥም አሉ። የመጨረሻው ውሳኔ በሦስቱ መሪዎች እጅ ስለ ነበረ፥ እነርሱ መሰብሰባቸውን ሲተዉ ማኅበሩ ራስ አልባ ሆነ፤ በ1977ም ፈረሰ። ንብረቱን ለመከፋፈል ስምምነት የተደረገው በ1984 ነው። በመሪዎች ፍቅር ላይ ብቻ የቆመ ውል፥ መሪዎቹ ሲኳረፉ አብሮ ይወድቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአውሮፓ ነው። የሮማ ውል ከ1958 ጀምሮ ሲጸና፥ አባል መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚያስከፍሉትን ቀረጥ ከፍ እንዳያደርጉ ከልክሎ ነበር። የኔዘርላንድ ጉምሩክ ግን ከጀርመን የሚገባን አንድ የኬሚካል ዕቃ ከአንዱ የታሪፍ መደብ ወደ ሌላው አዛወረው፤ ቀረጡም ከመቶ 3 ወደ መቶ 8 ከፍ አለ። ዕቃውን ያስመጣው ቫን ጌንድ ኤን ሎስ የተባለው ድርጅት ከሰሰ። መንግሥቱ ውሉ የመንግሥታት እንጂ የነጋዴ አይደለም ብሎ ተከራከረ። የማኅበሩ ፍርድ ቤት በ1963 ነጋዴውም በውሉ መብት አለው፥ የአገሩ ዳኞችም ያንን መብት ማስጠበቅ አለባቸው ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ማኅበር ውስጥ ተራው ነጋዴ ራሱ የውሉ ዘበኛ ሆነ።

ሦስተኛው ወደ እኛ ይቀርባል፤ ኢትዮጵያም አባል ከሆነችበት ከኮሜሳ ነውና። ሞሪሸስ ከግብፅ በሚገባ ቀለም ላይ ውሉ ያነሣውን ቀረጥ መልሳ ጣለች። አስመጪው ለአገሩ ፍርድ ቤት ቢያመለክት፥ ውሉ በአገር ሕግ አልታወጀም ተብሎ ተመለሰ። ወደ ኮሜሳ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2013ም ተፈረደለት። ከዚህ የምንማረው፥ የተፈረመ ውል ወደ አገር ሕግ ካልገባ ዜጋው በገዛ አገሩ ደጅ እንደሚጠና ነው።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ውልም በ2019 አጽድቀናል። ነገር ግን ሕግ ራሱ እግር የለውም፤ መመሪያና የታሪፍ ሰንጠረዥ ተጽፎለት፥ የዕቃው ትውልድ ማስረጃ በትክክል ተመርምሮለት ነው የሚሄደው። እግሩም እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ።

«የአገር ፋብሪካ ቢጎዳስ? የግምጃ ቤቱ ገቢ ቢቀንስስ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። ስለዚህም ነው እንዲህ ያሉ ውሎች ለጊዜው መከላከልን የሚፈቅዱ አንቀጾች ያሏቸው። በእነርሱ መጠቀም ሕጋዊ ነው፤ ግን በግልጽ አስታውቆ፥ ጊዜ ወስኖ መሆን አለበት። ፋይልን በመሳቢያ ማሳደር፥ የዕቃን መደብ በስውር መለወጥ፥ ነጋዴን «ነገ ተመለስ» ማለት ግን አገርን መጠበቅ አይደለም፤ የአገርን ፊርማ ማርከስ ነው። ነገ የእኛ ቡና በሌላው በር ሲቆም በምን አፍ «ውሉን ጠብቁ» እንላለን?

እንግዲህ በነገው ጧት ጠረጴዛችሁ ላይ የምታገኙትን ወረቀት የአገር ቃል አድርጋችሁ ተመልከቱት።