ግማሹን ስጪ ስትባል እምቢ ያለችው የዘፈን ደራሲ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ሒሳብ አያያዝ አንድ ነገር እንድናገር ጠይቃኝ ነበር። ደረሰኝና ቫውቸር እያልኩ እንዳላስተኛችሁ ስለ አንዲት ዘፋኝ ላወራችሁ መጣሁ። ዶሊ ፓርተን ትባላለች፤ አሜሪካዊት የካንትሪ ሙዚቃ ደራሲ፣ ዘፋኝና ፕሮዲውሰር ናት። ስሟን ባታውቁት እንኳ ዊትኒ ሂዩስተን የዘፈነችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ሰምታችኋል። ግጥሙም ዜማውም የዶሊ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በ1946 በቴነሲ ተራሮች መካከል ተወለደች፤ ከአሥራ ሁለት ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ እኩል አራሽ ነበሩ፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ራሷ እንደምትናገረው እናቷን ላዋለዱት ሐኪም የተከፈላቸው አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነው። በ1964 ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰች ማግስት ወደ ናሽቪል ሄደች። በ1967 ፖርተር ዋጎነር የሚባል ታዋቂ ዘፋኝ በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ አብራው እንድትዘፍን ቀጠራት። ሰባት ዓመት ሠሩ። ልሂድ ስትለው አልሰማ አላት፤ ጭቅጭቁ ሲበዛባት ቤቷ ገብታ የስንብት ዘፈን ጻፈችለት። ያ ዘፈን ነው እንግዲህ በ1974 ወጥቶ በካንትሪው ሠንጠረዥ አንደኛ የሆነው።

ከዚያ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈለገ። ደስታዋን አስቡት! ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ፓርከር የዘፈኑን የአሳታሚነት መብት ግማሹን ካልሰጠሽ አይቀረጽም አላት። እምቢ አለች። ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ተናግራለች።

እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና ትንሽ ልቁም። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ በአንድ ዘፋኝ ድምፅ የተቀረጸው ቅጂ ነው። ሌላው ግጥሙና ዜማው ነው፤ ይህኛው ማንም ይዝፈነው ማን ለባለ መብቱ ገቢ ያመጣል። ፓርከር የጠየቀው ለአንድ ጊዜ የሚከፈል ኮሚሽን አልነበረም። ላሟን እንጂ ወተቱን አልነበረም የፈለገው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን የሒሳብ ባለሙያ ቢጠየቅ «ፈርሚ» ሳይላት አይቀርም፤ ኤልቪስ ኤልቪስ ነዋ! ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ዊትኒ ለፊልም ስትዘፍነው ግን በአሜሪካ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የደራሲዋም የአሳታሚዋም ድርሻ ወደ ዶሊ ገባ።

ሁሉም እንደዚህ አልቀለለላትም። ዋጎነር በ1979 ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠይቆ ከሰሳት፤ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። እሷ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1977፣ አልበሟን ራሷ ፕሮዲውስ ማድረግ ጀምራ ነበር። ስለ ቢሮ ሴቶች ለተሠራው የ1980 ፊልም ዘፈን ስታወጣ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥፍሮቿን እርስ በርስ እያፋተገች የጽሕፈት መኪና ድምፅ ታሰማ ነበር። እኔ ቢሮ ውስጥ ስሞክረው ሳቁብኝ። በ1995 በትውልድ ወረዳዋ ለሕፃናት መጽሐፍ በነጻ ማደል ጀመረች፤ ምክንያቷም ማንበብ ያልቻሉት አባቷ ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። በርበሬና ሽሯችንን ሊያከፋፍል የጠየቀን ነጋዴ ያቀረበው ዋጋ ጥሩ ነው፤ አልክድም። የውሉ አራተኛ አንቀጽ ግን የማኅበራችንን ስምና የቅመማችንን አዘገጃጀት ለእሱ ያስተላልፋል፤ የጊዜ ገደብም የለውም። በርበሬውን መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሌላ ነው። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ውሉን አባዝቼ አምጥቻለሁ። ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ ከቡናው በኋላ እዚያ ጥግ ተቀምጬ ቃል በቃል አነብላችኋለሁ።