ከልጆቻችን ጋር በእግር ስለ መውጣት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተፈቀደልን ጉዳይ የመዋጮ ጉዳይ አይደለም። የድንኳንና የብረት ድስት ጉዳይም አይደለም፤ እሱን ገንዘብ ያዡ ተናግረው ጨርሰዋል። የእኛ ነገር ቀለል ያለ ነው፤ ልጆችን ይዞ በእግር ስለ መውጣት ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይኼ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? እግር ያለው ይሄዳል» ሳትሉ አትቀሩም። እኛም ዓምና እንዲሁ ነበር የምንለው።

ሐሳቡ የመጣው እንዲህ ነው። ዓምና በሰኔ፣ ከመካከላችን የአንዱ ልጅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር የትምህርት ቤት ሰርቪሱ ከወትሮው ሌላ ጥግ ላይ አወረደው። ከቤቱ ቢርቅ ሁለት ቅያስ ነው። ልጁ ግን ወዴት እንደሚታጠፍ አላወቀም። ምን ያድርግ! ጧት ከበር ላይ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ማታ በር ላይ ይወርዳል፤ ሰፈሩን የሚያውቀው በመስኮት ነው። አጥር ተደግፎ ሲያለቅስ አንዲት የእድራችን እናት ያገኙታል። «የማን ልጅ ነህ?» ቢሉት የአባቱን ስም ነገራቸው፤ እሳቸው ደግሞ አባቱን የሚያውቁት በቤት ስሙ ነው። «ቤታችሁ የት ነው?» ቢሉት «ሰማያዊ በር» አላቸው። በዘነበወርቅ ስንት ሰማያዊ በር እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

ኋላ ስልክ ለዚህም ለዚያም ተደውሎ አባትየው እየሮጠ መጣ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን እኚህ እናት፣ የልጁ አያት ያረፉ ጊዜ፣ በዚያው ሰማያዊ በር ግቢ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ሲሠሩ የሰነበቱ ናቸው። ሦስት ቀን አንድ ግቢ ውለው እሳቸው ልጁን አላወቁትም፣ ልጁም እሳቸውን አላወቃቸውም። ይኼ ነገር ከበደን። እኛ ስንሞት ድንኳኑን የሚተክሉት እኮ እነዚህ ልጆች ናቸው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ለማለት ይዳዳናል። ድሮ ጡሩንባ ነፊው ጎሕ ሲቀድ በየቅያሱ ሲዞር ልጆች እየተነሡ ይከተሉት ነበር፤ የማን ቤት የት እንደሆነ ከእሱ ኋላ ኋላ ሲሉ ይማሩታል። አሁን መርዶው በስልክ ይደርሳል። ይኼም መልካም ነው፣ ማንም ሳይሰማ አይቀርም፤ ግን ልጆቹ ከማን ኋላ ይሂዱ?

እንግዲህ አምስት ቤተሰብ ሆነን፣ ከመስከረም ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ልጆቹን ይዘን እንውጣ ተባባልን። የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር፤ መደበቅ አያስፈልግም። አሥራ አንድ ልጆች ይዘን ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ በረፋድ ፀሐይ ወጣን። ከፊት እኛ አባቶች ስለ ድሮው ሰፈር እያወራን፣ ከኋላ እናቶች ልጆቹን «ቶሎ በሉ፣ አትንኩ፣ አትጎንበሱ» እያሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዷን አዲሱ ጫማዋ ላጣት፣ አንዱ ውሃ አለ፣ ትንሹ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኛም መምከር ጀመርን፤ እናንተ ዕድሜ ሳለን ስንት ሰዓት በእግራችን ትምህርት ቤት እንሄድ እንደ ነበር። ምክር እግር አይሆንም። ተመልሰን የገባነው በሚኒባስ ነው።

ያን ለት ማታ ከመካከላችን አንዷ እናት እንዲህ አለች፦ «እነዚሁ ልጆች እኮ በቡሄ ከጧት እስከ ማታ ዝናብ እየመታቸው ዞረው ደከመን አላሉም!» እውነት ነው። ነሐሴ 13 ቀን ዱላ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ የሚሄዱትን መንገድ ብንለካው እኛ ይዘናቸው ከወጣነው እጥፍ ቢሆን እንጂ አያንስም። ሴቶቹም ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ይዘው ሲዞሩ እንዲሁ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በቡሄ ከጓደኛ ጋር ናቸው። መሪው ከራሳቸው ነው። በየሃምሳ እርምጃው የሚያንኳኩት በር አለ፣ ከበሩ ኋላ ሙልሙል ይኑር ስድብ አይታወቅም። «ቶሎ በል» የሚላቸውም የለም። አባቶቻችን ይህን ያዘጋጁት ልጅ ማዝናኛ ብለው አልነበረም፤ ግን ከዚህ የተሻለ የልጅ ጉዞ እስካሁን አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ሁሉ ከቡሄ የተቀዳ ነው ብንል አልዋሸንም።

መጀመሪያ መሪነቱን ለልጆቹ ሰጠን። በየጉዞው አንድ ልጅ ይመራል፤ የት እንደምንታጠፍ እሱ ይወስናል፣ ሲሳሳት ዝም እንላለን። በሦስተኛው ጉዞ የመራን ያው የጠፋው ልጅ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተዘጋ ቅያስ ውስጥ ከቶን፣ ሰው ጠይቆ አወጣን። ጠይቆ ማለታችን ይሰመርበት፤ ባለሱቋን «እትዬ፣ ይኼ መንገድ ያሳልፋል?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ባለሱቅ ያውቃታል።

ቀጥሎም ጉዞው መድረሻ እንዲኖረው አደረግን። ልጅ «ለጤና» ብሎ አይሄድም። «እማማ እገሌ ጉልበታቸው አሟቸው ቤት ውለዋል፣ ይህን ዳቦ እናድርስላቸው» ሲባል ግን ዳቦውን ለመያዝ ይጣላሉ። ከቤት የማይወጡ የእድራችን አዛውንት ቤት በዚህ ዓመት ዘጠኝ ደርሰናል። አዛውንቱም እንደ ቡሄ ሙልሙል ባይሆን ቆሎ አያጡም።

በመንገድ ላይ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። «ምን አውቅልህ» የሚለው ሲያቅተው አገር ይሰጣል፤ ልጆቹ ጎንደርንና ሐረርን ሰጥተው ሲጨርሱ ለንደን ገብተዋል። የቆየውን እንቆቅልሽ ስለሚያውቁት በመንገድ ካዩት ነገር አዲስ እንዲፈጥሩ ነገርናቸው። አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «በልጅነቱ ክብ፣ ሲያረጅ ማጭድ» አለች። አባቶች ሁላችንም አገር ሰጠን። መልሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝ ሳለ ቅጠሉ ክብ፣ አመድማ ሰማያዊ ነው፤ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ጥንድ ጥንድ ይበቅላል፣ ግንዱም አራት ማዕዘን ነው። ሲያድግ ቅጠሉ ረዥም፣ ቆልማማ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ስንቶቻችን ባሕር ዛፍ ስንፈልጥ ኖረን ይህን ልብ ብለናል? ዛፉ ከአውስትራሊያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣ መሆኑን፣ ያኔ አዲስ አበባ ማገዶ ጨርሳ እንደ ነበር ስንነግራቸው ከቅጠሉ በኋላ ስለሆነ ሰሙን። ቅጠሉን ሳያዩ ብንነግራቸው ኖሮ እንደ መጀመሪያው ቀን መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር።

እንዶድም እንዲሁ። በአጥር ጥግ ስናገኝ ፍሬውን በውሃ ቀጥቅጠን አረፋውን አሳየናቸው፤ አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት፣ ዓይናቸውን እንዳያሹበት አጥብቀን ነግረን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ነው። ከዚያ ምርምሩ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ልጆቹ ከዚያ ለት ወዲህ ቦይ ባዩ ቁጥር ጎንበስ እያሉ ቀንድ አውጣ ይፈልጋሉ። እናቶች በጭቃው ቢቆጡም እኛ ደስ ብሎናል።

አሁን ወደ ከበደው እንምጣ። በሰፈራችን ስንሄድ በአለርት ሆስፒታል በር ማለፋችን አይቀርም። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከቀድሞው ሆስፒታል ነው፤ እሱም ገና በወጣትነታቸው ባረፉት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። አለርት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ ጣታቸው የጎደለ አባት አይቶ ጮክ ብሎ «እጃቸው ምን ሆነ?» አለ። ሁላችንም ደነገጥን፤ አንዳችን አፉን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ሰውየው ግን ቆሙና «ድሮ አሞኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ» አሉት። ልጁ «ያማል?» ሲላቸው «አሁንማ ችግሩ አለማመሙ ነው፤ እሳት ቢያቃጥለኝ አላውቅም» አሉት። ከእኛ ሃያ ዓመት ምክር ይልቅ ያ ይበልጣል።

ስለዚህ ልጆቹ ሲጠይቁ እውነቱን እንንገራቸው። ሥጋ ደዌ ከእርግማን አይመጣም፣ በዘር አይወርድም፤ በተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር ብዙ መድኃኒቶች በአንድነት ይሰጣሉ፤ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ ሕክምና ይድናል፣ መድኃኒቱ ለሕሙማን በነፃ ነው። ከእነዚያ ሕሙማን ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ በዚህ አዳራሽም አሉ። የቆየውን ስድብ ልጆቻችን ከማን እንደሚሰሙት እናውቃለን፤ ከእኛው ነው።

በቆሼ በኩል ስናልፍም ልጆች ይጠይቃሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለትንንሾቹ ዝርዝሩን አንናገርም። ቆም ብለን ባርኔጣ እናወልቃለን፣ ከዚያ እንሄዳለን።

«ልጆቹ በዚያ ሰዓት ቢያጠኑ አይሻልም ወይ?» ያሉን አባላት አሉ፤ ቅር አላለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ጠንከር አድርገው ማንቀሳቀስ አለባቸው ይላል። ስለ ዓይንም እንናገር። በቻይና ጓንግዡ በሚባል ከተማ ስድስት ትምህርት ቤቶች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ጊዜ ጨምረው፣ ሌሎች ስድስት ሳይጨምሩ ተነጻጸሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቅ ማየት የተሳናቸው፣ ካልጨመሩት ከመቶ 40 ገደማ፣ ከጨመሩት ከመቶ 30 ገደማ ሆኑ። መነጽር ስንት እንደሚያወጣ የገዛ ያውቃል።

አደጋውንም ሳንናገር አናልፍም። የእግረኛ መንገድ በሌለበት መኪናው ከፊት በሚመጣበት ወገን እንሄዳለን፤ ከፊት አንድ ትልቅ ሰው፣ ከኋላ አንድ። ቀለበት መንገዱን በእግረኛ ድልድይ ካልሆነ አናቋርጥም፤ አጥር ዘሎ የሚያቋርጥ አባት ልጁን ምን ብሎ ይመክራል? ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ነው፤ ትንሽ ጭረት ነው ብሎ ማደር የለም። አዲስ ጫማ ለጉዞ አይደረግም። ትንንሾቹ ሳይደክሙ እንመለሳለን፤ ከደከሙ በኋላ መመለስ እሽኮኮ ማለት ነው፣ የእኛም ወገብ ድሮ የነበረው አይደለም።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያው እሑድ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ከእድሩ ዕቃ ቤት በር እንነሣለን። መሪዋ ያቺ የባሕር ዛፏ ልጅ ናት። ውሃ፣ ባርኔጣና ያረጀ ጫማ ይበቃል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሁለት አባቶች ዳቦ የሚጋግር ቤት ገና አልተገኘም፤ ፈቃደኛ የሆነ ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊያችን ዘንድ ይመዝገብ።