ስለ አረጋዊው ከብት አርቢና ስለ ጥሬ ገንዘብ እርዳታ

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ዘወትር ከሚነሡት ታላላቅ አርእስት ጋር ሲተያይ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ጉዳዩም ይህ ነው፦ በቆላ የሚኖር፣ ዕድሜው የገፋ፣ ኑሮው በጥቂት ላሞችና ፍየሎች ላይ የቆመ ሰው ድርቅ ሲመጣበት ስንዴ ተሰፍሮ ከሚሰጠው ይልቅ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ቢሰጠው ምን ይጠቅመዋል? ትንሽ የሚመስለን ሩቅ ስለ ሆንን ነው እንጂ ለባለቤቱ የሞትና የሕይወት ነገር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል። ከተማ ያደግነው ልጆች ይህን ሰው «ዘላን» እያልን ነው ያደግነው። ቃሉ ሰውየውን አገር የለሽና መድረሻውን ሳያውቅ የሚንከራተት አስመስሎ ይሥለዋል። የቦረና ሰው ግን የሚሄድበትን ከማናችንም ይልቅ አጥርቶ ያውቃል። ጋና የሚባለው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሐገያ የሚባለው ትንሹ ዝናብ ከመስከረም እስከ ኅዳር እንደሚጥል ቈጥሮ መንጋውን ያንቀሳቅሳል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ሰዎች ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ የሚያወጡባቸው፣ ባለቤትም ተራም ሕግም አላቸው። ከዚህ ወዲያ አርብቶ አደር እንለዋለን፤ ቃሉን ማረም ከሁሉ የሚቀልለው ሥራ ነውና።

መንጋው ለሁለት ይከፈላል። ፎራ የሚባለውን፣ የማይታለበውን ከብት ወጣቶቹ ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቻቸው ወራ በሚባለው ሰፈር ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር ይቀራሉ። እንግዲህ ድርቅ ሲመጣ ማን አስቀድሞ እንደሚራብ ከዚህ አከፋፈል ማየት ይቻላል። በሰፈሩ ዙሪያ ያለው ሣር ያልቃል፤ ላሟ ትነጥፋለች፤ ሽማግሌው መንጋውን ተከትሎ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንዳይሄድ ጉልበቱ አይፈቅድለትም። ወተቱ ቀረ ማለት ምግቡ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው መንገድ ገበያ ብቻ ነው።

ከተሜው ምሁር የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ያ ሁሉ ከብት እያለው ለምን ሸጦ አይበላም?» ይላል። ስሌቱን አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድናቸው ናቸው። በደግ ዓመት አንድ ፍየል አንድ ኩንታል በቆሎ ይገዛል እንበል፤ ለቤተሰቡም በወር አንድ ኩንታል ይበቃዋል። አራት ወር ለመሻገር አራት ፍየል መሸጥ ነው። በድርቅ ጊዜ ግን ሁሉም ሰው ከብቱን ይዞ በአንድ ቀን ገበያ ይወጣል፤ ከብቱም ከስቷል፤ ነጋዴውም ሻጩ ወደ ቤቱ ይዞት ሊመለስ እንደማይችል ያውቃል። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የፍየሉ ዋጋ ወድቆ የእህሉ ዋጋ ስለሚወጣ ለአንድ ኩንታል ሦስት ፍየል ይጠየቃል። ለአራቱ ወር አሥራ ሁለት ፍየል አለቀ ማለት ነው። ዝናቡ ሲመለስ ሣሩ ይመለሳል፤ ፍየሎቹ ግን አይመለሱም።

አሁን ለዚሁ ቤተሰብ የምግቡን ግማሽ የሚገዛ ገንዘብ በየወሩ ይድረሰው። ስድስት ፍየል ከመሸጥ ዳነ። ከስድስቱ አራቱ እንስት ቢሆኑ ፍየል በአምስት ወር ትወልዳለችና ዝናብ ከጣለ በዓመቱ ግልገሎች በበሩ ይዘላሉ። ላም ዘጠኝ ወር፣ ግመል አሥራ ሦስት ወር ያህል ስለምታረግዝ አንዲት ላም ወይም አንዲት ግመል በግዳጅ የሸጠ ሰው ያጣውን ለመተካት ዓመታት ይፈጅበታል። ሽማግሌው ደግሞ እነዚያ ዓመታት የሉትም። ስለዚህ የእርዳታው ጥቅም በበላው እህል ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ ሳትሸጥ በቀረችው እንስትም ሊመዘን ይገባል። በሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ይህች እንስት ብዙ ጊዜ አትታይም፤ ያልተሸጠ ነገር ደረሰኝ የለውምና።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። አማርትያ ሴን የሚባለው የሕንድ ኢኮኖሚስት በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1973ቱን የወሎ ረሀብ መርምሮ ነበር። በዚያን ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ከሌላው ጊዜ እጅግ ያነሰ እንዳልነበረ፣ በደሴም የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ እንደ ነበረ አሳየ። ሕዝቡ ያለቀው መግዣ ስላጣ ነው። አፋሮቹ ደግሞ በሁለት ወገን ተመቱ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ከተቋቋመ በኋላ በበጋ ይሸሹበት የነበረው የወንዝ ዳር ግጦሽ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተወሰደ፤ በዚያ ላይ ድርቁ ሲመጣ የከብቱ ዋጋ ከእህሉ ዋጋ አንጻር ወደቀ። በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የረሀቡን ፊት ለዓለም አሳየ እንጂ ይህን የገበያ ሥራ ማሳየት አልቻለም። ካሜራ ዋጋን አያነሣም።

ምክንያቱ የመግዣ ማጣት ከሆነ መድኃኒቱ ሁልጊዜ የስንዴ መርከብ ሊሆን አይችልም። ስንዴው ለምን እንደሚመረጥ ስንጠይቅ መልሱ ከተራበው ሰው ይልቅ ከሰጪው ቤት ይገኛል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1954 ቁጥር 480 የተባለውን ሕግ ሲያወጣ በጎተራ የተትረፈረፈውን የገበሬዎቹን እህል የሚያራግፍበት መንገድ መፈለጉ አልተደበቀም። በቦረና ወይም በአፋር ያለ ሽማግሌ ስንዴ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? ከፊሉን ይበላል፤ ለመድኃኒት፣ ለከብት መኖ፣ ለልጅ ደብተር ሲል ከፊሉን በርካሽ ይሸጣል። ገንዘብ ቢሰጠው ግን በዚያ ሽያጭ የሚጠፋው ባልጠፋ ነበር።

በ2006 በሞያሌ አካባቢ የተደረገውን እንመልከት። በድርቁ ወቅት ነጋዴዎች በብድር እየተደገፉ ገና ያልከሱትን ከብቶች እንዲገዙ ተደርጎ ወደ 20,000 የሚጠጉ ከብቶች ተሸጡ። ከብት አርቢዎቹ ባገኙት ገንዘብ እህል ገዙ፤ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዙ፤ ከብታቸውንም ወደ ተሻለ ግጦሽ በመኪና አስጫኑ። ገንዘቡን የት እንደሚያውሉት ማንም አላስተማራቸውም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉና የቦረና ከብት በብዛት ሲያልቅ ያ ትምህርት በጊዜውና በስፋቱ ቢሠራበት ኖሮ ከሬሳው ክምር ጥቂቱ ይቀንስ ነበር ብለን እናምናለን።

ከድንበሩ ወዲያ ኬንያዎች የበለጠ ሄደዋል። በ2008 ገደማ በቱርካና፣ በማርሳቢት፣ በዋጅርና በማንዴራ አንድ የገንዘብ እርዳታ ፕሮግራም ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ተረጂዎቹ በሦስት መንገድ ተመረጡ፤ በአንዱ ሕዝቡ ራሱ ድሀውን ይመርጣል፤ በሌላው በቤተሰቡ ውስጥ ሠራተኛና ጧሪ ፈላጊ እየተነጻጸረ ይታያል፤ በሦስተኛው ደግሞ ዕድሜው 55 የሞላው ሁሉ እንደ ጡረታ ይከፈለዋል። ክፍያው ሲጀመር በየሁለት ወሩ 2,150 ሽልንግ ነበር። ገንዘቡንም ሰውየው በጣት አሻራ በሚሠራ ካርድ ከአካባቢው ባለሱቅ ይቀበል ነበር። እኛ ከሦስቱ መንገዶች ሦስተኛውን እንወዳለን፤ ድህነቱን በኮሚቴ ፊት ማስመስከር ለሽማግሌ ውርደት ነውና፤ ዕድሜ ግን ማንም የማያፍርበት መስፈርት ነው። በ2018 ኬንያ ዕድሜው 70 ለሞላው ዜጋ ሁሉ በወር 2,000 ሽልንግ የሚሰጥ ጡረታ መጀመሯም በዚሁ መንገድ የተወሰደ እርምጃ ነው። ክፍያው ለወራት እየዘገየ ሽማግሌዎችን ማስጠበቁ ግን ተደጋግሞ ታይቷል።

በአገራችን በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አቅም ያለውን በወር አምስት ቀን በእርከንና በመንገድ ሥራ ላይ እያሰማራ ይከፍላል፤ አረጋውያንንና ሥራ የማይችሉትን ያለ ሥራ በቀጥታ ይረዳል። ፕሮግራሙ የተነደፈው ግን የደጋውን ገበሬ እያሰበ ስለ ነበር ወደ ቆላው ሲወርድ ልኩ እንዳልሆነ ልብስ ሆነ። በአፋርና በሱማሌ ለተመረጡት የተሰጠው ለጎሣው ሁሉ ይከፋፈላል። ባለሙያዎቹ ይህን እንደ ጉድለት ይመዘግቡታል፤ እኛ ግን ጉድለቱ የሰጪው ስስት ነው እንላለን። ቦረናዎች ከብቱ ያለቀበትን ሰው ከየዘመዱ ከብት አውጥተው የሚያቋቁሙበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ከደረሰው ገንዘብ ለጎረቤቱ የሚያካፍል ሽማግሌ ነገ እርሱ ሲወድቅ የሚያነሣውን ሥርዓት በሕይወት እያቆየ ነው። በሸንጎ ላይ ሲናገርም የሚሰጥ እጅ ያለው ሰው ሆኖ ይናገራል።

ከመካከላችን አንዳንዱ «ገንዘብ ስንፍናን ያስተምራል፤ ሰውየው ለጫትና ለመጠጥ ያውለዋል» እንደሚል እናውቃለን። የሰሜን ኬንያውን ፕሮግራም የመረመሩ አጥኚዎች ሰዎች ሥራ ፈት ሆኑ የሚለውን ክስ የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም። ነገር ግን ከጥናቱ ይልቅ ራሳችንን እንጠይቅ። ከእኛ መካከል በየወሩ ከኪሱ ቆርሶ ለእናቱ ወይም ለአባቱ የማይልክ ስንት ነው? ሲልክስ ስንዴ በጆንያ ጭኖ ይልካል ወይ? እናቱን «መጀመሪያ እርከን ሥሪ» ይላታል ወይ? ገንዘቡን የት እንዳዋለችው ደረሰኝ ያስቈርጣታል ወይ? ይህን ለእናቱ ነውር አድርጎ የሚያይ ሰው ለዲሬ ወይም ለሚኤሶ ሽማግሌ ተገቢ ነው ብሎ በሴሚናር ላይ ሲከራከር ስንሰማ እናዝናለን። የራሱን ከብት ለስድሳ ዓመት ያስተዳደረ ሰው ጥቂት ብር ማስተዳደር አያቅተውም።

የገንዘቡ እርዳታ ድካም የለበትም ማለታችን ግን አይደለም። እህል ወደማይደርስበት ገበያ ገንዘብ ቢረጭ ዋጋውን ከማናር በቀር ሥራ የለውም። በ2008 የእህል ዋጋ ሲንር የሴፍቲኔቱ የቀን ክፍያ ከ6 ብር ወደ 8 ብር ቢጨመርም ዋጋውን ሊደርስበት አልቻለም፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ከገንዘቡ ይልቅ እህሉን መርጠዋል፤ ትክክልም ነበሩ። ስለዚህ ክፍያው ከገበያው ዋጋ ጋር እየታየ መውጣትና መውረድ አለበት፤ መንገድና ነጋዴ በሌለበት ደግሞ እህሉ አብሮ መምጣት አለበት። ሌላም አለ። ዕድሜ ልኩን የጉድጓድ ገመድ የሳበ ጣት መስመሩ ስለሚጠፋ የአሻራ መሣሪያው አላውቅህም ይለዋል። መሣሪያው ያላወቀው ሽማግሌ ባለሱቁ ፊት ቆሞ የልጅ ልጁን መለመኑ የማይቀር ነው። ተተኪ ተቀባይ በስሙ ሊመዘገብለት፣ ክፍያውም ወደ ሰፈሩ ሊመጣለት ይገባል። ገንዘቡ ይሰረቃል ለሚሉን፣ ስንዴውም ይሰረቃል፤ በሰኔ 2023 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የሚያከፋፍሉት እህል ወደ ሌላ እጅ እየሄደ መሆኑን ገልጠው ለወራት ማቆማቸውን ያስታውሷል። ያን ጊዜ የሰረቀው ሽማግሌው አልነበረም፤ የተቀጣው ግን እርሱ ነበር።

ዋናው ጥያቄያችን እንግዲህ የገንዘቡ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። በ2025 ያ የአሜሪካ ድርጅት በዋሺንግተን ውሳኔ ሲዘጋ የቆላው ሽማግሌ ኑሮ በማያውቀው አገር ምርጫ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ተገለጠ። የከተማው የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ ተጽፎ በበጀት ይያዛል፤ ማንም ምጽዋት አይለውም። አገሪቱ ከምታወጣው የቁም ከብትና የሥጋ ንግድ የምታገኘው የውጭ ምንዛሪ ከአርብቶ አደሩ ቆላ የሚመጣው ክፍል ቀላል አይደለም። ለዚህ ሀብት ዕድሜውን የሰጠ ሰው በእርጅናው የሚደርሰው ክፍያ በሕግ ይጻፍለት፣ በአገር በጀት ይያዝለት፣ ከሐገያ ማለቅ በኋላ በጋው ሳይጠና በፊት ይድረሰው ማለት የተጋነነ ጥያቄ አይመስለንም። በጥር የደረሰ ገንዘብ ላሟን ያድናል፤ በመጋቢት የደረሰ ቆዳዋን ያስገፍፋል።

በዚህ መንፈስ የተጻፈው የውሳኔ ሐሳብ በጠረጴዛው ላይ አለ። የቆላው ልጆች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይ የክፍያውን ወቅትና የተተኪ ተቀባዩን ነገር በሚመለከተው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስቀድማችሁ እንድትናገሩ ቦታውን ለእናንተ እንለቃለን።