መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር ጀልባ መቀባት



የዛሬው ርእስ የፋይበርግላስ ጀልባን አካል በባለቤቱ እጅ መልሶ መቀባት ነው። ርእሱ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ ለጋራዥ የሚቀርብ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የኬሚስትሪ፣ የአየር ጠባይና የውኃ ሀብት ጥያቄዎች በአንድ ጀልባ ሆድ ላይ ይገናኛሉ።

ከውኃው እንነሣ። የሐይቅ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን፣ ከባሕር ጠለል ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ነው። ትነት ውኃውን ይወስዳል እንጂ መዳብን ወይም የቀለም ብናኝን አይወስድም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም አንሥቶ እስከ ዛሬው ዓሣ አስጋሪ ድረስ ብዙ ሕይወት የተደገፈበት ውኃ ነውና፣ ወደ ውስጡ የሚገባው ነገር ሁሉ ጉዳያችን ነው።

አሁን ወደ ጀልባው እንለፍ። በጣና የምናውቀው የደንገል ታንኳ ሲያረጅ በስብሶ ወደ አፈር ይመለሳል። ፋይበርግላስ የመስታወት ክርና የሙጫ ውሕድ በመሆኑ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ይጎዳል። ጄልኮት የሚባለው የላይኛው ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በሐይቅ ላይ ያለ ጀልባ በባሕር ወደብ ካለው ይልቅ ፈጥኖ ይነጣል፤ ሲዳስሱትም እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። ከውኃ በታች ያለው ክፍል ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ውኃ በጄልኮቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ሰርጎ በሙጫው ውስጥ የቀሩ ሟሚ ቅሪቶችን ያገኛል፤ የተፈጠረው ፈሳሽ ተጨማሪ ውኃ ይስባል፤ ግፊቱም ቆዳውን ያሳብጠዋል። ይህ ጉዳት ከጨው ውኃ ይልቅ በጣፋጭ ውኃ ይበረታል። ያበጠው ሲፈነዳ ብዙ ጊዜ ኮምጣጤ የሚመስል ሽታ አለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅ ነው። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ፣ ያበጠው ተከፍቶና በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ለሳምንታት ይቆይ። መድረቁን ለማወቅ ቁራሽ ላስቲክ በአካሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ አንድ ቀን መተው ነው፤ ከሥሩ ጠል ከታየ ጊዜው አልደረሰም። ለወሎ የተሻለው ወቅት ከክረምቱ መውጣት እስከ በልግ ዝናብ መግቢያ ያለው ነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ጠል ስለሚያወርድ ቀለም የሚቀባው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ብዙዎች በብርጭቆ ወረቀት ፍተጋ ይጀምራሉ። አሮጌው ሰምና ቅባት ሳይነሣ ከተፈተገ ግን ወደ ጭረቶቹ ይገባል፤ አዲሱ ቀለምም ሳይቆይ ይላጣል። ስለዚህ በአንድ ጨርቅ ማሟሟት፣ ወዲያውኑ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ መፈተግ። ከውኃ በታች ያለን ቀዳዳ በመኪና ስቱኮ መሙላት አይገባም፤ ውኃ ይመጣልና። የሚሻለው የኤፖክሲ ስቱኮ ነው። ከዚያ የኤፖክሲ ፕራይመር በተደጋጋሚ ይቀባል። ለቤትና ለበር የምንጠቀምበት የዘይት ቀለም ከውኃ በላይ ላለው ክፍል ሊያገለግል ይችላል፤ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ከቆየ ግን ይለሰልሳል፣ ያብጣልም። ባለሁለት ውሕድ ፖሊዩሬቴን ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ስላለበት በመርጫ ሲረጭ ለአስም ሊዳርግ ይችላል፤ ተራ የአፍ መሸፈኛም አያግደውም። በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው በሮለርና በፔኔሎ ይቀባ።

ሦስተኛው፣ የዛሬው ንግግሬ ዋና ፍሬ፣ የመርዝ ጉዳይ ነው። የባሕር ጀልባዎች ሆዳቸው ላይ ተሕዋስያን እንዳይጣበቁ መዳብ ያለበት ቀለም ይቀባሉ። ቀድሞ የቆርቆሮ ውሕድ ያለበትም ነበረ፤ በቀንድ አውጣና በዛጎል ለበስ እንስሳት ላይ ያደረሰው ጉዳት ስለ ታወቀ በ2001 እ.ኤ.አ. በጸደቀና በ2008 እ.ኤ.አ. በጸና ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። የመዳቡ ቀለም ዛሬም ይሸጣል። ሥራው መዳብን ጥቂት በጥቂት ወደ ውኃው መልቀቅ ነው። በሰፊው ውቅያኖስ ይህ ሊበተን ይችላል፤ መውጫ በሌለው ሐይቅ ግን ደለሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ድንጋይ መሳይ ቅርፊት ሠርተው የሚጣበቁት የባሕር እንስሳት በሐይቃችን የሉም፤ የሚጣበቀው አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። ለእርሱም ጀልባውን በየጊዜው አውጥቶ በስፖንጅ ማጠብ ይበቃል። የቀለሙን ወጪ ሳይቀር ያስቀራል።

ፍተጋውም ከውኃው ዳር ርቆ፣ በሸራ ላይ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን እያረጠቡ ይሁን። ዝቃጩና የተረፈው ቲነር ተሰብስቦ ይወገድ፤ ወደ ቦይ አይደፋ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱ ባለጀልባ በየዳሩ ከሚፈትግ፣ የጀልባ ባለቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ከዳሩ የራቀ፣ ጣሪያና የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ያለው አንድ ቦታ ቢዘጋጅ ወጪው ለሁሉም ይቀላል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ የቦታው አቀማመጥ፣ የዝቃጩ አወጋገድ፣ በደለሉ ውስጥ ያለው የብረታ ብረት መጠን፣ እያንዳንዳቸው ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን ስታገኙ ግን በመደርደሪያ ላይ አታስቀሩት፤ ጀልባውን ለሚቀባው ሰው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት።